ደብረ ብርሃን ላይ የኢአርፒ አድሚኖችን ያሠለጠንኩት እንዲህ ነው

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ «ሲስተም የለም» በተባልኩ ቁጥር ተመላልሼበታለሁ። ብዙ ጊዜ ደርሼ የምሠራው አምስት ደቂቃ አይሞላም። የተረሳ ፓስወርድ እቀይራለሁ፣ የቆመ ሰርቪስ አስነሳለሁ፣ በዚያ ብርድ አንድ ትኩስ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

የምመላለስለት ድርጅት ስንዴ ገዝቶ፣ ፈጭቶ፣ ዱቄት ይሸጣል። ሸዋሮቢት ላይም መጋዘን አለው። ግዢውን፣ ንብረቱን፣ ሽያጩን፣ ሒሳቡንና ፔሮሉን አንድ ላይ የሚያገናኝ ኢአርፒ አስገብተንለት ነበር፤ ኦዱ የሚባለውን። ሶፍትዌሩ ሥራውን ይሠራል። የጎደለው የሚንከባከበው ሰው ነው። አድሚን ተብለው የተመደቡ ሠራተኞች ነበሩ፣ ያሠለጠንኳቸውም እኔው ነኝ፤ ግን ትንሽ ነገር ሲያጋጥም ሁሉም ወደ እኔ ይደውላል።

ያ የመጀመሪያው ሥልጠና አምስት ቀን ፈጅቷል። እኔ በፕሮጀክተር አሳያለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። «ግልጽ ነው?» ስላቸው «ግልጽ ነው» ይሉኛል። አርብ ዕለት ተጨባብጠን ተለያየን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተደወለልኝ። አዲስ ሠራተኛ ተቀጥሮ፣ ዩዘር እንዴት እንደሚከፈትለት ጠፍቷቸዋል። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያስተማርኩት እሱን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ ገባኝ። በአምስቱ ቀን ማውሱን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለተኛውን ሥልጠና ከሰው ምርጫ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራውን ልጅ ብቻ ነበር ያሰበው። እኔ ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው ይጨመርልኝ አልኩ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሰርቨሩን ያስነሳል፤ «ትራያል ባላንሱ አልገጠመም»፣ ማለትም የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል አልመጣም ሲባል ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ያ ሰው ሥራ የለቀቀ ዕለት ባለቤት ያጣል። አንዲት ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ተሰጠችኝ። የሁለቱን ጠረጴዛ ጎን ለጎን አደረግን።

ከዚያ መጋዘን ተጥሎ የነበረ አሮጌ ኮምፒውተር አስወጥተን የመለማመጃ ሰርቨር አደረግነው። የድርጅቱን ሲስተም ሙሉ ቅጂ ጫንበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቅጂው ራሱን እንደ ዋናው ነው የሚቆጥረው። ኢሜይል የሚልክበትንና በሰዓቱ የሚሠራቸውን ሥራዎች መጀመሪያ ካላቋረጣችሁ፣ ደንበኛው ለከፈለው ዕዳ እንደገና የክፍያ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። እኔ ሌላ ቦታ ላይ ደርሶብኛል። ደንበኛ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

ቅጂው ሲዘጋጅ ሁለቱንም አስቀምጬ «በሉ አፍርሱት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «የፈለጋችሁትን ሰርዙ፣ የፈለጋችሁትን ቀይሩ። ከዚያ መልሱት።» ፍርሃቱ እስኪለቃቸው ሁለት ቀን ወስዷል። ያ ሁለት ቀን ከቀድሞው አምስት ቀን በላይ ጠቅሟል።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ የመለማመጃውን ሰርቨር አበላሽላቸው ነበር። ምን እንዳበላሸሁ አልነግራቸውም። አንድ ሐሙስ ዲስኩን በማይረባ ፋይል ሞላሁት። ዲስክ ሲሞላ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ መጻፍ ስለማይችል ይቆማል። ልጁ ቦታ የያዘውን ሲፈልግ «ፒጂ ዋል» የሚባል ማህደር አገኘና ባዶ አደረገው። ዳታቤዙ ከዚያ ወዲያ አልነሳም አለ። ያ ማህደር ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚጽፍበት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱን የሚያድነው ከዚያ አንብቦ ነው። ድሮ ስሙ «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበር። ሰዎች ሎግ ብቻ እየመሰላቸው ሲሰርዙት እያስቸገረ በ10ኛው ቨርዥን፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ስሙ ተቀየረ። ይህን ለልጁ ስነግረው «እንኳን ዋናው ላይ አልሆነ» አለ። ሌሊቱን ከባክአፕ፣ ማለትም ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ መለሰው። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ማህደር ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

ባክአፑ ራሱ ብዙ ትምህርት ሰጥቶናል። ልጅቷ መጀመሪያ ከባክአፕ ስትመልስ ሒሳቡ ሁሉ ልክ ሆኖ መጣ። ደስ ብሏት ጠራችኝ። «አንድ የግዢ ደረሰኝ ክፈቺ» አልኳት። ስካን ተደርጎ የተያያዘው ወረቀት የለም። ኦዱ ቁጥሩንና ጽሑፉን ዳታቤዝ ውስጥ፣ የተያያዙ ፋይሎችን ደግሞ ለብቻ በሌላ ማህደር ያስቀምጣል። ባክአፑ ዳታቤዙን ብቻ ይዞ ነበር። ለወራት እየወሰድን የነበረው ግማሽ ባክአፕ ነው ማለት ነው። መልሰን ባንሞክረው ኖሮ ይህን የምናውቀው ወረቀቱን ኦዲተር ሲጠይቀን ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሄድ ተስማማን። ልጁ ሰርቨሩ ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ለሰርቨሩ 8 ማለት ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ባክአፑም ይጀምራል። ሳምንት ሙሉ «ጠዋት ጠዋት ይንቀራፈፋል» ሲባል ኔትወርኩን ስንፈትሽ ከረምን። አሁን መዝገቡ ላይ ሰዓት ሲጻፍ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል። ቀኑም እንደዚያው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሲስተሙ ላይ የሚሞላው ጁላይ 7 ነው። «ጁላይ ያው ሐምሌ ነው» ብሎ 31 የሚሞላ ሰው የሐምሌን ሃያ አራት ቀን ሒሳብ ባለፈው ዓመት ውስጥ ይከተዋል።

መዝገብ ያልኩት የወረቀት መዝገብ ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ከሰርቨሩ አጠገብ የሚቀመጥ። ቀን፣ የታየው ችግር፣ የተደረገው፣ የሠራው ሰው። በአማርኛ፣ በራሳቸው እጅ። እኔ ያዘጋጀሁላቸውን ረጅም መመሪያ አንድም ቀን ሲከፍቱት አላየሁም። መመሪያው ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሩ ሲወድቅ መመሪያውም አብሮ ይወድቃል።

ቋንቋም ለውጥ አምጥቷል። እኔ በሲስተሙ ስም «ሪሲት»፣ «ደሊቨሪ» እያልኩ ሳስረዳ ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት አይ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰዎች ብዙዎቹ መንግሥት ቤት የሠሩ ናቸው። ዕቃ ገቢ ሲሆን ሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22 ይቆርጣሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ራሷ «ይሄ እኮ ሞዴል 19 ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በሚያውቁት ቅጽ ስም ጠራነው። ተጠቃሚዎችን ያሠለጠነችውም እሷ ናት፣ ከእኔ በተሻለ።

ስለ መለኪያ አጭር ነገር ልናገር። ስንዴው የተመዘገበው በኪሎ ነበር፣ ሰዉ የሚያስበው በኩንታል ነው። ሃምሳ ኩንታል ገብቶ «50» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲስተሙ 50 ኪሎ ይላል። መለኪያውን ልንቀይር ስንል ኦዱ እምቢ አለ፤ ዕቃው አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አይፈቅድም። አሮጌውን ዘግተን አዲስ ከፍተን ቀሪውን በቆጠራ አዛወርን። አዲስ ዕቃ ሲከፈት ሁለቱም አድሚኖች ሳያዩት እንዳያልፍ የወሰንነው ያኔ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ቴክኒኩ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው አንጋፋ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ወደ ልጅቷ መጥተው «ልጄ፣ የግዢ ማጽደቂያውን ለእኔም ክፈችልኝ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» አሏት። ከፈተችላቸው። እንዴት እምቢ ትበል? በአባቷ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ግን ግዢ የሚያጸድቅና ዕቃ የሚረከብ አንድ ሰው ሲሆን፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ፣ ስህተቱን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን የለም። አንድ ቀን ጥያቄ ቢነሳ ራሳቸው ጋሼም የሚከላከልላቸው ነገር አይኖርም።

ልጅቷን ብቆጣት አንድም ነገር አይለወጥም ነበር። እምቢታውን ከእሷ ትከሻ ማውረድ ነበረብን። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀን። ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው፣ የክፍል ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊው ይፈርሙበታል። ሥራ አስኪያጁ «ያለዚህ ቅጽ ፈቃድ የሚከፍት አድሚን ተጠያቂ ነው» የሚል ደብዳቤ ለሁሉም ክፍል በተነ። አሁን «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅጹ ካልተሞላ መንካት አልችልም» ትላለች። አክብሮቱ አልጎደለም፣ ሥራውም አልተበላሸም። አድሚን የሚያሠለጥን ሰው ይህን ቅጽ ከመጀመሪያው ቀን በፊት እንዲያስፈርም እመክራለሁ። እኔ ዘግይቼበታለሁ።

ሸዋሮቢት ላይ ደግሞ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት ይቆረጣል፣ ሲመለስ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይገባል፣ በገባው ወረቀት ላይ የሲስተሙ ቁጥር ይጻፋል።

ሥልጠናው መያዙን ያየሁት በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተቀየሩ። ልጅቷ ደወለች። እኔ መኪና ውስጥ ለመግባት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የደወለችው ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው። አሮጌውን ሠንጠረዥ አልነካችውም፤ የሰኔ ደመወዝ እንደገና ቢታይ በድሮው መሰላት ስላለበት አዲሱን ለብቻው ከሐምሌ የሚጀምር አድርጋ ከፍታዋለች። መጀመሪያ በመለማመጃው ላይ ሞክራዋለች። የ5,000 ብር ደመወዝ ግብር በድሮው 697.50፣ በአዲሱ 500 ብር መምጣቱን በካልኩሌተር አመሳክራለች። 2,000 ብር ላይ ዜሮ መሆኑንም አይታለች። ከእኔ የፈለገችው የእርከኖቹን መነሻና መድረሻ አንዴ አብሬያት እንዳነብ ብቻ ነበር። አነበብን፣ ልክ ነው።

አሁን ሁለቱ የያዙት ሥራ ቨርዥን ማሳደግ ነው። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ ድጋፍ የሚሰጠው ግን ለመጨረሻዎቹ ሦስት ነው። የእኛው ከዚያ ሊወጣ ተቃርቧል። በመለማመጃው ሰርቨር ላይ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። በሁለተኛው ሙከራ ደረሰኝ ሲታተም አማርኛው ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ልጁ ግማሽ ቀን ፈልጎ አገኘው፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ የግዕዝ ፎንት አልተጫነም ነበር። መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎታል፦ «ከማሳደግ በፊት ፎንት ይጫን»። ለሦስተኛው ሙከራ የያዙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ አልተጠራሁም።