የሚሰምጠውን የላፕቶፕ ኪቦርድ ቤቴ ውስጥ እንዴት አጠነከርኩት

የምተዳደረው በትየባ ነው። አዳማ ውስጥ ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ፣ አንዳንዴም የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ለክልሉ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የግል ውሉና ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይመጣል። ሁለቱም ጣትን ያደክማሉ። አማርኛን በድምፅ ስንተይብ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ አናባቢዋ በደንብ ካልተመታች ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። በአፋን ኦሮሞም ረጅም አናባቢ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ አንዷ ስትጎድል ቃሉ ይበላሻል። ስለዚህ የኪቦርድ ጥንካሬ ለእኔ ከምቾት ያለፈ ነገር ነው። የሰው ስምና የቦታ ስፋት በትክክል መጻፉ የሚወሰነው በእሱ ነው።

የምሠራበት ላፕቶፕ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ420 ነው። ሞዴሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ባለ ሰባት ረድፍ የሆነውን የቀድሞውን ኪቦርድ ይዟል፤ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ430 ወደ ስድስት ረድፍ ወርዷል። እኔ ይህንን ማሽን የመረጥኩት ለኪቦርዱ ስል ነው። ከገዛሁት ጊዜ ጀምሮ ግን ቀኝ ወገኑ እንደ ላላ የአልጋ ሽቦ ይሰምጥ ነበር። ቁልፉ ከመመታቱ በፊት ሰሌዳው ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጣት የሚያርፍበት ስለማያገኝ ይበልጥ ይጫናል፤ ማታ ላይ የእጄ አንጓ ያመኛል።

ፍራንኮ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት አለ። አሳየሁት። በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «እትዬ፣ ይኼ አርጅቷል፤ አዲስ ኪቦርድ ይግባለት» አለኝ። ልጁ ቅን ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። እኔ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም፦ ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዱም አልተነቀለም፤ ግራ ወገኑ ድንጋይ ነው። አንድ ዕቃ በእርጅና ቢለሰልስ ኖሮ ግማሹ ብቻ ለምን ይለሰልሳል? «እስቲ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ልየው» ብዬ ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት የሰሌዳውን ጠባይ አጠናሁ። በአውራ ጣቴ ለስለስ አድርጌ ከጥግ እስከ ጥግ እየተጫንኩ የሚሰምጠውን ቦታ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ይህ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥገና እሱ ነበር። ጠርዙ ብቻ የሚነሳ ኪቦርድ ብሎን ጎድሎታል፣ ወይም ጥርሱ ከማቀፊያው ወጥቷል። መሃሉ የሚሰምጥ ከሥሩ ድጋፍ አጥቷል። መሃሉ ወደ ላይ ያበጠ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ድምፁም ይናገራል፦ ደህናው ቦታ ሲነካ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ባዶ ቆርቆሮ የተመታ ያህል ይንቋቋል። የእኔው ሁለት ችግር ነበረበት። የቀኙ የፊት ጠርዝ ትንሽ ይነሳል፤ በዚያው ወገን ያለው ሰፊ ክፍልም ይሰምጣል።

ከዚያ ላፕቶፑን አጠፋሁ፤ ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ ባትሪውን አወጣሁ። የዚህ ሞዴል ባትሪ ከውጭ በቀላሉ ስለሚወጣ ዕድለኛ ነኝ። የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ይዤ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስጨረስኩ። የአዳማ በጋ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ኮረብታዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ አቧራውን በየስንጥቁ ያስገባዋል፤ በእንዲህ ያለ ደረቅ አየር ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክም ለማሽኑ አደጋ ነው። ስለዚህ በርና መስኮት ዘጋሁ፣ የሱፍ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ብረት ነካሁ፣ ከዚያ ጀመርኩ።

ላፕቶፑ ሲገለበጥ ከሆዱ ላይ የኪቦርድ ምስል የተቀረጸባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ይታያሉ። አንዱ ባዶ ነበር! ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው ብሎኑን ሳይመልስ ዘግቶታል። የቀረውን ፈታሁና ወረቀት ላይ በሣልኩት ቦታ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ የላፕቶፕ ብሎኖች ርዝመታቸው ስለሚለያይ መቀላቀል የለባቸውም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥር ሄዶ ሰሌዳውን ይገፋል፣ ወይም ማዘርቦርዱን፣ የማሽኑን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ይወጋል። ቀጥሎ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ አቅጣጫ ገፋ አድርጌ የፊት ጠርዙን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ አነሳሁት። ብረት አይሻልም፤ ፕላስቲኩን ይቧጥጠዋል። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ገመድ አጭር ስለሆነ ኪቦርዱን በአንድ ጊዜ መንጨቅ ያስበጥሰዋል። ቀስ ብዬ አስተኝቼ፣ ገመዱን ሳይሆን ማያያዣውን ይዤ ነቀልኩት። በሌሎች ብዙ ላፕቶፖች ላይ ማያያዣው በጥፍር የምትከፈት ቀጭን መቆለፊያ አለችው፤ እሷ ሳትከፈት ገመዱን መሳብ አይገባም።

ውስጡን ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የኪቦርዱ ጀርባ ቀጭን ብረት ነው። ያ ብረት ብቻውን የጣት ጫና እንዲችል አልተሠራም፤ ከሥሩ ባለው አካል ላይ ተደግፎ ነው የሚጠነክረው። በእኔ ላፕቶፕ በቀኝ በኩል የነበረው የዲቪዲ ማጫወቻ ወጥቶ በምትኩ ባዶ የፕላስቲክ መሸፈኛ ገብቷል። ድጋፉ ሄዷል፤ ብሎኑም ሄዷል። ኪቦርዱ አላረጀም፤ መሬቱን ነው ያጣው። አዲስ ተገዝቶ ቢገባ ኖሮ እሱም በዚያው ጉድጓድ ላይ ይሰምጥ ነበር።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠራረግኩ። ብሎኑን ያገኘሁት ከዚያው ወጣት ዘንድ ነው፤ የተበላሹ ላፕቶፖች ብሎን በጣሳ ያጠራቅማል። የራሴን ናሙና ይዤ ሄጄ ርዝመቱንና ክሩን እያስተያየሁ መረጥኩ።

ለድጋፉ ምን ይሻላል የሚለው ብዙ አሳሰበኝ። ስፖንጅ ለስላሳ ስለሆነ ጣት ሲጫነው አብሮ ይሰምጣል፤ ሙቀት ሲያገኘውም ይተኛል። ናስትሮ በየቤቱ አለ፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ሙቀት ላይ የማሽኑ ሙቀት ሲጨመር ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል። የብስኩት ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ማዘርቦርድ አጠገብ በፍጹም መግባት የለበትም። የመረጥኩት የሰነድ ማቀፊያ ፋይል ጠንካራውን ፕላስቲክ ነው። ቀጭን ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እንደ ልብ ይቆረጣል። በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ስስ ፕላስተር ኪቦርዱ ጀርባ ላይ፣ በሥዕሌ ምልክት ባደረግኩበት ቦታ ለጠፍኩት።

ሁለት ነገር ላይ ተጠንቅቄያለሁ። አንደኛው ፋኑና ሙቀት የሚያወጣው የመዳብ ቱቦ ያለበት የግራው ክፍል ነው፤ እዚያ ምንም አልለጠፍኩም። ሁለተኛው የውኃ መውረጃው ነው። ቲንክፓድ ኪቦርዱ ላይ ውኃ ወይም ሻይ ቢፈስ በቀዳዳ ወደ ታች እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያንን መንገድ በፕላስቲክ መድፈን ማሽኑን ከለላ ማሳጣት ነው።

ውፍረቱን የወሰንኩት በትዕግሥት ነው። አንድ ንጣፍ ለጥፌ ኪቦርዱን ያለ ብሎን አስቀምጬ ተጫንኩ፤ ሲቀረው ሌላ ንጣፍ ጨመርኩ። ልኩ የሚታወቀው ሰሌዳው በራሱ ክብደት ቦታው ላይ ሲተኛና ጣት ሲጫነው ሳይወርድ ሲቀር ነው። በእጅ ካልተገፋ የማይገባ ከሆነ በዝቷል፤ በብሎን ኃይል ወደ ታች መጎተት ሰሌዳውን ያጣምመዋል፣ ሌላው ጫፉም ይነሳል። መሃሉ ከፍ ካለ ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ ቁልፎቹ ስክሪኑን ይነኩና ምልክት ይተዉበታል። ይህን ለማየት ስስ ወረቀት ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ክዳኑን ዘጋሁና ወረቀቱን ሳብኩ፤ ሳይያዝ ወጣ።

ማያያዣውን መልሼ፣ ከመዝጋቴ በፊት ባትሪውን አስገብቼ እያንዳንዱን ቁልፍ ሞከርኩ። ከዚያ አጥፍቼ፣ ባትሪውን እንደገና አውጥቼ ብሎኖቹን አሰርኩ። የመጀመሪያው የተየብኩት ረጅም የኪራይ ውል ነበር። ቀኝ እጄ የሚያርፍበት አገኘ። ድምፁም ከሁለቱም ወገን እኩል ሆነ፤ ይህ እንዴት ደስ እንደሚል ቀኑን ሙሉ የሚተይብ ሰው ያውቀዋል።

ሥራዬን ያየች ታናሽ እህቴ የራሷን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «የእኔም ላልቷል፤ ከሥሩ የሆነ ነገር አድርጊበት» አለችኝ። የእሷ አዲስ ዓይነት ስስ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ውስጥ ነው። በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ ዝቅ ብዬ ስመለከተው ኪቦርዱ ከመሃል ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የመዳሰሻው ሰሌዳም ጠቅ አልል ብሏል። ይህ ልቅነት አይደለም፤ ያበጠ ባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲጎዳ ወይም ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙም በቅርብ ያገኘውን ሰሌዳ ይገፋል። ከላይ ተጭኖ ለማስተካከል መሞከር፣ መብሳት፣ ቻርጅ ማድረጉን መቀጠል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወዲያው አጥፍታ ከቻርጀር እንድትለየው፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቃ ጠንካራ ወለል ላይ እንድታስቀምጠው ነገርኳት። ባትሪውን እንዲቀይር ለወጣቱ ሰጠነው። ባትሪው ሲቀየር ኪቦርዱ ያለ ምንም ንጣፍ ቀጥ አለ።

እንዲህ ያሉ ስስ ማሽኖች ላይ ከባትሪም ሌላ ችግር አለ። የብዙዎቹ ኪቦርድ በብሎን ሳይሆን በሙቀት በቀለጡ ጥቃቅን የፕላስቲክ ምሰሶዎች ከላይኛው ገጽ ጋር ተጣብቋል። ምሰሶዎቹ ከተሰበሩ እኔ የሠራሁት ዓይነት ጥገና አይበቃም፤ የላይኛውን ገጽ ከነኪቦርዱ መቀየር ይቀላል። ስለዚህ መክፈት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሞዴሉን የጥገና መመሪያ ይፈልግ። የቲንክፓድን አምራቹ በነጻ አውጥቶታል፤ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ በሥዕል ያሳያል።