ለአጥሩ ሥር የሚሆን አበባ

ግንቦት እያለቀ ነው። በአጥሩ ሥር የምተክላቸውን የአበባ ቁጥቋጦዎች ሰኔ ሳይገባ መወሰን አለብኝ። ዝናቡ ሲጀምር የተተከለ ችግኝ በክረምቱ ሥር ይይዛል፤ በጋው ሲመጣ ብዙም አይቸገርም። በጥቅምት የተተከለው ግን፣ በተለይ እንደኛ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሰውን ጀሪካን ሲያሸክም ይባጃል።

መንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ የተደረደሩ ችግኞች ጋ ስንደርስ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ቀለሙ ምንድን ነው?» ብለን ነው። እኔ ግን ከቀለሙ በፊት አፈሬን አስባለሁ። የኛ ግቢ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ አቁሮ ይተኛል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ እቆፍራለሁ፣ የበሰለ ፍግ እቀላቅላለሁ፣ መትከያውን ከዙሪያው ከፍ አድርጌ እደለድላለሁ። ውሃው ሥሩ ላይ እንዳይቆም ነው።

ቡገንቪሊያ ያለ ክርክር ገብቷል። ፀሐይ ካገኘ ድርቁን ይችላል፤ እንዲያውም ውሃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያበዛል። ያ ደማቅ ሐምራዊ አበባ የምንለው በእውነቱ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፤ አበባዎቹ መሃሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ነጫጮች ናቸው። ሲተከል ሥሩ መነካት አይወድም፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድዶ አፈሩን ሳይበትኑ ማስገባት ነው።

ፖይንሴቲያም እንዲሁ ነው፣ ቀዩ ቅጠሉ ነው። የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ስለዚህ ለገና ደምቆ ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያርፍበት ቦታ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው የኛን ከበሩ አምፖል አርቄ ከጓሮ በኩል ያሰብኩለት። የወፍ ቆሎን አልፈልገውም። አበባው ያምራል፣ ቢራቢሮ ይጠራል፤ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን እየበተኑ ስንት የግጦሽ መሬት አስወርረውታል፣ ከብትም ይመርዛል። ግቢ ውስጥ ቢታጠርም ወፍ አጥር አያግደውም።

ከእማዬ ጋር ያልተስማማነው በአንዱ ጥግ ነው። እሷ ጽጌረዳ ትላለች። እኔ ድግጣ።

«ጫካ ሞልቶ የሚበቅለውን ምን ብለሽ ግቢ ታስገቢዋለሽ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የእማዬ ብቻ አይደለም። የአገራችንን ቁጥቋጦ በአጥርነት እንጂ በጌጥነት አናየውም። ሰንሰል ነጭ አበባውን አውጥቶ ንብ ሲርመሰመስበት ማን ቆም ብሎ ያየዋል? ቀጋ እኮ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬው ይበላል። አምጃ በደጋው ቢጫ አበባውን ሲዘረጋ ከየትኛውም የውጭ ችግኝ አያንስም። ችግኝ ሻጮች ጋ ግን ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለማንጠይቃቸው ይመስለኛል የማያፈሉት።

ድግጣን የወደድኩት ለአበባው ነው። ወርቅማ ቢጫው በዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ጥላው አይከብድም፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ማብቀል ይቻላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም በዱር የሚበቅል ነው፤ እዚያ ሰዎች ለጌጥ ብለው ግቢያቸው ይተክሉታል። እኛ ጋ ገበሬው የሚያውቀው የከብት ቅማል በማጥፋት ነው። ይህ ማለት መርዝነት አለው ማለት ስለሆነ፣ የእህቴ ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ያለው ጥግ ነው የሚስማማው። ለእማዬም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ጽጌረዳው በሩ አጠገብ፣ ሽታው እንግዳ የሚቀበልበት ቦታ ይሁን፣ የኋላው ጥግ ለኔ ይተውልኝ። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ግን ጽጌረዳው ቀይ ነው» አለች።

የድግጣውን ፍሬ የአጎቴ ልጅ ከፍቼ ከተማ አምጥቶልኛል። ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ዛሬ ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፣ ነገ በፕላስቲክ እዘራለሁ። ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም፤ ቦታውን የሚይዘው ከርሞ ነው። እስከዚያ እማዬ ጥጉ ላይ ጎመን ልትዘራ ነው።