እማዬ የሰማችው ድምፅ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። ሐምሌ ነው፣ የጅማ ዝናብ አላባራ ብሏል። ለጉልበቷ ሕክምና ልወስዳት መኪናዋን በኋላ ማርሽ ከግቢ ሳወጣ፣ «ይቺ መኪና እንደኔ ጉልበቷን አሟታል መሰለኝ» አለችኝ። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር፤ አጠፋሁት። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ከፊት ጎማ በኩል «ሲጢጥ» አለ፤ ከዚያ «ጓ»። ስመልሰውም እንደዚያው።

መኪናችን የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እማዬን ሆስፒታል፣ እኔን ሥራ የምታደርሰው እሷ ናት። ሌላ ነገር ቢበላሽባት ትቆማለች፣ በባጃጅ እንሄዳለን። መሪ ግን እየሄድኩ ቢከዳኝስ? ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ የሄድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፈቱ፣ የመሪ ዘይቱን አዩ፣ ጥቂት ጨመሩ። ከዚያ «መሪው ራሱ አልቋል፣ ሙሉው ይቀየር» ተባልኩ። የጠሩልኝ ዋጋ የሁለት ወር ደመወዜን ይበልጣል። የከፋኝ ግን ዋጋው አይደለም። መሪውን አንዴ እንኳ ሳያዞሩት ነው የፈረዱበት።

ማታ ስለ እማዬ ጉልበት አሰብኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት «መቼ ነው የሚያምሽ? ስትነሺ? ደረጃ ስትወጪ?» ብሎ ነው። እኔስ ለመኪናዋ ለምን አልጠይቅላትም? የልጄን ደብተር ወስጄ ሦስት ቀን ጻፍኩ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን አቀበት ወጣሁ፤ ኩርባው ላይ ምንም የለም። ሕርማታ ገበያ አካባቢ ጉድጓዱን ሁሉ አለፍኩ፤ ዝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ መሪውን ሳዞር ግን «ሲጢጥ፣ ጓ»። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቼ ሞከርኩ። መሪው ከብዶ እጄን አደከመኝ፤ ድምፁ ግን አለ።

ደብተሩን ይዤ ጎረቤቴ ወደ ጠቆመችኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሞተር ጠፍቶም እንደሚጮህ ያነበቡ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ግማሹን ሥራ ሠርተሽዋል» አሉኝ። ያን ቃል አልረሳውም።

ቀስ ብለው አስረዱኝ። የመሪ ዘይት ሲጎድል ወይም ዘይቱን የሚገፋው ፖምፕ ሲደክም ድምፁ እንደ ማጉረምረም ነው፣ ሞተር ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ፖምፑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከላላ መሪው ጥግ ሲደርስ ይንጫጫል። እግረ መንገዳቸውን «መሪን ጥግ ድረስ ወስዶ እዚያው መያዝ ፖምፑን ማሰቃየት ነው» ብለው መከሩኝ፤ ይህን መኪናዋን ሳቆም አደርገው ነበር፣ ተውኩት። እየሄዱ በጠባብ ሲታጠፉ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል መጋጠሚያ ነው። ጉድጓድ ላይ የሚንኳኳ ከሆነ ቴስቲና (የጎማው መጋጠሚያ) ወይም ጎሚኒ (በብረቶቹ መሃል ያለው ላስቲክ) ይታያል። የኔ ግን ቆሞ ወይም በጣም ቀስ ብሎ ሲዞር ብቻ ነው።

ረዳታቸው ገብቶ መሪውን እንዲያዞር አዘዙት። እሳቸው ቀኝ ፊት ጎማ አጠገብ ተንበርክከው ሞላውን ከውጭ በኩል በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ «እጅሽን አምጪ፣ ጣትሽን መሃሉ እንዳታስገቢ» አሉኝ። መዳፌን አሳረፍኩ። ልጁ ሲያዞር ሞላው ትንሽ ተጠመዘዘ፣ ተወጠረ፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ ተመለሰ። «ጓ!» ድምፁን በእጄ ሰማሁት። በግራ በኩልም ነካሁ፤ እሱ ለስለስ ብሎ ይዞራል።

ችግሩ አሞርዛተሩ (ሞላው መሃል ያለው፣ ንጥሻውን የሚያበርደው ዘንግ) አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ነበር። መሪ ሲዞር አሞርዛተሩም ሞላውም አብረው ይዞራሉ፤ ከላይ ያለ እንከን የሚያዞራቸው ያ ኩሽኔታ ነው። ውሃና ጭቃ ገብቶ፣ ግራሶው አልቆ፣ ዝጎ ከተያዘ ሞላው መዞሩን ትቶ ይጠመዘዛል። የጅማ ክረምት ለእንዲህ ያለ ነገር አይራራም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፣ ለሁለቱም ጎን። ግራው ገና ደህና ነው፤ ግን ጋሼ «ሁለቱም እኩል መንገድ ሄደዋል» ሲሉኝ ሁለቱንም ለመቀየር ተስማማሁ። ጋሼ ሞላውን በማጥበቂያ ከግራና ከቀኝ አስረው እስኪጨርሱ ማንንም አላስጠጉም። እኔንም ወደ በሩ ሰደዱኝ። «ሞላው ሳይታሰር ላይኛውን ብሎን የሚፈታ በሕይወቱ ይጫወታል» አሉ። ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ልሞክረው ለሚል ሰው ነው፤ እባካችሁ፣ መስማትና መንካቱን እናንተ አድርጉ፣ መፍታቱን ለሚያውቅ ስጡት።

አሮጌውን ኩሽኔታ በእጄ ሰጡኝ። ሳዞረው አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ኮረኮረኝ። ግማሽ ቀን ፈጀ። በማግስቱ የጎማ አቅጣጫ አስለካሁ፤ አሞርዛተር ከወረደ በኋላ ያ ካልታየ ጎማ ይበላልና።

ሐሙስ እማዬን ይዤ ወጣሁ። ከግቢ በኋላ ማርሽ ስወጣ ሬዲዮውን አልከፈትኩም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፣ መለስኩ። እማዬ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትንሽ ቆየች። «የሷ ድኗል» አለችና ጉልበቷን እያሸች፣ «በይ አሁን የኔን እናሳይ» አለችኝ።