ማሳው የማን ነው ብዬ ጠይቄ

ኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ ካለችው ክላተን ወደ ዶርሜ ከተመለስኩ ሶስተኛ ቀኔ ነው፣ የሩዝ ማሳ ጭቃው ግን አሁንም ጥፍሬ ስር አለ። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው በዚህ ሰዓት ቁጭ ያልኩት፣ ነገ ደሞ ጠዋት ክላስ አለኝ።

ዘንድሮ ኢድ ሲደርስ ዶርሙ ጭር አለ። ጆግጃካርታ የሚማረው ሁሉ ወደየመንደሩ ይሄዳል፣ ሙዲክ ነው የሚሉት፣ የጉራጌን መስቀል አስቡትና በሚሊዮን አባዙት፣ መንገዱ ሞተር ብቻ ነው፣ አንዱ ሞተር ላይ አባት እናት ሁለት ልጅ እና አንድ ካርቶን ብስኩት። እኔም ከክላሴ ልጅ ኋላ ተፈናጥጬ ወጣሁ። "ብቻህን ኢንዶሚ ስትቀቅል ልትከርም ነው?" ነበር ያለኝ፣ ግብዣው ይሄው ነው።

መንደሩ ከጆግጃ ወደ ሶሎ ከተማ ሲኬድ ክላተን ውስጥ ነው። ጠዋት ሰማዩ ከጠራ የሜራፒ ተራራ ጭሱን አናቱ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ። አስፈሪ ተራራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲፈነዳ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፣ ግን አፈሩን ያዳበረውም የሱ አመድ ነው፣ ውሃ ከተገኘ በዓመት ሶስት ጊዜ ሩዝ ይታጨዳል። ሶስቴ! አባቴ ይሄን ቢያይ ብዬ አሰብኩ፣ አንዴ ዘርቶ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚከርም ሰውዬ።

የገባን ቀን እራት እንኳን ሳንበላ መጀመሪያ የተወሰድኩት የኤርቴው ሰውዬ ቤት ነው። ኤርቴ ማለት የተወሰኑ ቤቶች አንድ ላይ የሚተዳደሩበት ነገር ነው፣ የቀበሌ ታናሽ ወንድም በሉት፣ አደረጃጀቱ ጃፓኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሀገሩን ሲይዙ ያመጡት ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ ታፔላ አለ፣ 24 ሰዓት የሚቆይ እንግዳ ያሳውቅ ይላል። ቢሮ ምናምን ስጠብቅ ሰውዬው በሽርጥ ጓሮ የአሳ ገንዳው ጋ ቆሞ አገኘነው፣ የፓስፖርት ቁጥሬን በልጁ ደብተር ላይ ገለበጠና ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ፣ "ቢላል! ነጃሺ!" አለ። እዚህ ሀገር ሰው ስለኛ የሚያውቀው ወይ ይሄን ነው ወይ ቡና ነው፣ ሁለቱም አያሳፍርም።

ቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደሚባል ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አያት ምባህ ናቸው፣ ወንዱም ሴቷም። የወላጅ ታላቅ ወንድም ፓክዴ፣ ታናሽ እህት ቡሊክ። ጓደኛዬ ከኔ ጋር ሲያወራ ልቅ ነው፣ ወደ ምባህ ሲዞር ግን ቃላቱ ራሳቸው ይቀየራሉ፣ የኛ አንቱ የግስ መጨረሻ ነው የሚነካው፣ የነሱ መብላቱንም መተኛቱንም ሌላ ቃል ያደርገዋል። እኔ በተሰባበረ ኢንዶኔዥያኛ ስለማወራ ነፃ ነኝ፣ ከእንግዳ ማንም አይጠብቅም።

እና በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምባህ (ወንዱ) ማሳ ልሄድ ነው ሲሉ ተከተልኳቸው። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮ ቆርቆሮና ፌስታል ተንጠልጥሎበታል፣ ጎጆ ቢጤ ውስጥ ቁጭ ብለው ገመዱን ሲስቡት ማሳው ሁሉ ይንኳኳና ወፉ ግር ብሎ ይነሳል። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩት ትዝ አለኝ፣ ለካ ገመድ ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ወሬ ለመጀመር ያህል ነው የጠየቅኩት፣ "ይሄ ማሳ የእርስዎ ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። ከዛ ጭቃው ላይ በእንጨት እየጫሩ ነገሩኝ፣ ግማሹን ጓደኛዬ ማታ ነው ያስረዳኝ።

መሬቱ 1,500 ካሬ ነው፣ ከግማሽ ጥማድ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። በውርስ የደረሰው ለምባህ ሚስት ታናሽ እህት ነው፣ እሷ ግን ጃካርታ አጠገብ ቤካሲ ነው የምትኖረው። ልጇ ኮሪያ ለስራ ሲሄድ ብር ስላስፈለጋት ዛሬ አራት ዓመት መሬቱን ለመንደሩ ባለሱቅ አስያዘችው። አያያዙ ደሞ ቁርጥ የኛ የድሮ ወለድ አግድ ነው፣ ገዳይ ይሉታል (በኛ ቋንቋ ስትሰሙት ያስደነግጣል)፣ አበዳሪዋ ወለድ አትቀበልም፣ ብሩ እስኪመለስላት ምርቱን ትበላለች። ባለሱቋ ግን ዶማ ይዛ ማሳ አትወርድም፣ ስለዚህ ለምባህ በእኩል ሰጠቻቸው። በእኩል አራሽ ማሮ ይባላል፣ ሲሶውም መርተሉ የሚባል ስም አለው። ስለዚህ ሽማግሌው የገዛ የሚስታቸውን እህት መሬት ለባለሱቅ በእኩል ያርሳሉ ማለት ነው። ቆይ አላለቀም፣ ቀበሌው ጋ ሌተር ሴ የሚሉት ከቅኝ ግዛት የግብር አሰራር የመጣ የመሬት መዝገብ አለ፣ እዛ ላይ ብትሄዱ ባለቤቱ የሚስታቸው አባት ናቸው፣ ከሞቱ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ።

አንድ ማሳ፣ አራት ባለቤት፣ አንዱ ሟች።

እና ይሄ የምርቱ ብቻ ነው። አጨዳው ከኢድ በኋላ ሲደረግ (እኔም ማጭድ ይዤ ገባሁ፣ ወገቤ አሁንም አልተቃናም) ገና ነዶው ሳይነሳ አሮጊቶች ጆንያ ይዘው ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቃርሚያ! የወደቀው ዛላ የነሱ ነው፣ ማንም ምንም አይላቸውም፣ ባለሱቋ ራሷ ብትመጣ አትከለክላቸውም። በሚቀጥለው ቀን አንድ ሰውዬ ከየት እንደመጣ እንጃ በመቶ የሚቆጠር ዳክዬ እየነዳ መጣና ማሳው ላይ ለቀቃቸው፣ ቀንድ አውጣውንና የረገፈውን ፍሬ ጠርገው በሉ። በማሳዎቹ መሀል ያለው የጭቃ ወሰን ላይ የሚበቅለው ሳር ደግሞ ላም ያለው ሁሉ ያጭደዋል። ወሰኑ ራሱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የጎረቤት ዶማ በየዓመቱ አንድ ጣት ታህል ስትላጨው ምባህ በሌላ ወቅት ጭቃ ለጥፈው ይመልሷታል፣ ድንበር ገፊ የሌለበት ሀገር የለም መሰለኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እኔ ወደዚህ ሀገር ስመጣ በዚህ ጉዳይ ቅናት ነበረብኝ። አባቴ ጎጃም ውስጥ አረንጓዴ የመሬት ደብተር አለው፣ የሱና የእናቴ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፣ እንደ ጋብቻ ሰርተፍኬት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ግን መሸጥ መለወጥ የለም፣ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የመሬት ህግ ሀክ ሚሊክ የሚባል ሙሉ ባለቤትነት ለዜጋ ይሰጣል፣ ይሸጣል ይወረሳል ይያዛል። ለዜጋ ብቻ ነው ታዲያ፣ ቡሊክ "እዚሁ እንዳርህና መሬት ትይዛለህ" ስትለኝ ጓደኛዬ ነው ከትከት ብሎ የሳቀው፣ ባዕድ የምታገባ ሴት እንኳን ንብረት የሚለይ የጋብቻ ውል ከሌላት የራሷ መሬት ጣጣ ውስጥ ይገባል፣ እንኳን እኔ። ለማንኛውም ዶርም ውስጥ ከሀበሻ ልጆች ጋር ስንከራከር "ባለቤት ያለው መሬት ነው የሚለማው" እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አሁን ሀሳቤን ቀየርኩ አልልም። ግን 1,500 ካሬ ላይ ቆሜ ባለቤቱን ፈልጌ አጣሁት።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። ከዚህ ማሳ 9 ኩንታል ገደማ ያልተፈተገ ሩዝ ወጣ። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው የመግዣ ዋጋ በኪሎ 6,500 ሩፒያ ነው፣ በሱ ብናስበው 5.85 ሚሊዮን፣ ለሁለት ሲካፈል ለምባህ ሶስት ሚሊዮን አይሞላም። ወደ ብር ስመታው ከ20 ሺህ በላይ ነው፣ ከዛ ላይ የማዳበሪያ አለ፣ የትራክተር ኪራይ አለ፣ የአራት ወር ድካም አለ። ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያርሱትን ገበሬ ጉረም ይሏቸዋል፣ በ2023ቱ የግብርና ቆጠራ ወደ 17 ሚሊዮን ቤተሰብ ነው። ምባህን የሚያኖራቸው ታዲያ ሩዙ አይደለም፣ ጓሮው ነው፣ ሙዙ፣ ኮኮነቱ፣ ካሳቫው፣ ከኋላ የታሰሩት ሁለት በሬዎች፣ እነሱ ደሞ ለእርሻ እንዳይመስላችሁ፣ ባንክ ናቸው፣ ለአረፋ ይሸጣሉ።

የኢድ ሁለተኛው ቀን ማታ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ከቤካሲ አክስትየዋ መጥታለች፣ ፓክዴ አለ፣ ቡሊክ አለች፣ ምንጣፍ ላይ ሻይና ኦቾሎኒ ተደርጎ ሁሉም ተቀመጠ። ሀሳቡን ያመጣው ፓክዴ ነው። መንግስት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መሬቱን ሁሉ በጅምላ እየመዘገበ ሰርተፍኬት እያደለ ነው፣ እኛም እንመዝገብና ከሟች ስም እናውጣው፣ ከዛ ገዢ ከተገኘ እንሽጥ። እዚህ አካባቢ የጆግጃ ሶሎ የክፍያ መንገድ ሲሰራ ማሳቸው የተነካባቸው ሰዎች ካሳ ሲቀበሉ አይቷል፣ እንደዛ ያለ ወሬ ሲሰማ የማይጎመጅ የለም፣ በ2021 ምስራቅ ጃቫ ቱባን ውስጥ መሬታቸው የተገዛባቸው ገበሬዎች በደርዘን የሚቆጠር አዲስ መኪና አንድ ላይ ሲያስገቡ ቪዲዮው ሀገሩን አዳርሶ ነበር። ምባህ ዝም ብለው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ።

ከዛ ክፍፍሉ ተነሳ። ጃቫ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እኩል በእኩል ነው። ሌላው ሰፒኩል ሰገንዶንግ ይባላል፣ ወንድ በትከሻው ላይ በእንጨት ግራና ቀኝ ሁለት ሸክም ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ታዝላለች፣ ስለዚህ ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ፣ ከሸሪዓውም ጋር ይገጥማል። ፓክዴ ይሄን ጀመር ሲያደርግ ሴቷ ምባህ ከኩሽና በር ላይ ሆነው "አንተንም ያዘልኩህ በዚሁ ጀርባ ነው" አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ወሬውም እዛ ጋ ተቆረጠ።

እኔ ደሞ አርፌ አልቀመጥም አይደል። በንባብ ያገኘሁት ነገር ነበር፣ በ1960ው ሌላ ህግ በመያዣ የተሰጠ የእርሻ መሬት ሰባት ዓመት ከሞላው አበዳሪው ያለምንም ክፍያ መመለስ አለበት። ምርቱን በልቷልና ብሩን አግኝቷል ነው ነገሩ። ይሄን እንደ ብስራት ነው የተናገርኩት፣ ሶስት ዓመት ብትታገሱ እኮ በነፃ ነው አልኳቸው። ጓደኛዬ ተረጎመው። ማንም አልተናገረም። አክስትየዋ ብርጭቆዋን ማየት ጀመረች። ባለሱቋ ያን ቀን ጠዋት ልጇን ይዛ መጥታ የሽማግሌዎቹን እጅ ስማ ይቅርታ ተባብላ ነው የሄደችው፣ በኢድ እንደዛ ነው ወጉ፣ ያመጣችው ኬክ ገና ፊታችን ነው ያለው። ምባህ ኦቾሎኒውን አስቀመጡና "እሷ ብር ስትሰጠን ሌላ ማንም አልሰጠንም" አሉ፣ ከዛ ቆይተው "እና ከዛ በኋላ ጨው ከማን ልንገዛ ነው?" አሉ። በቃ። ጆሮዬ ጋለ፣ ወጥቼ ደጁ ላይ ቆምኩ።

ደጁ ላይ ግድግዳው ላይ ትንሽ ኩባያ ተንጠልጥላለች፣ በየቤቱ አለች፣ ጭብጥ የማትሞላ ሩዝ ይደረግባታል፣ ማታ ተራ ጠባቂዎቹ እየዞሩ ይሰበስቧታል፣ ተሽጦ ለመንደሩ ጉዳይ ይውላል። ጂምፒታን ይሉታል። ያን ማታ ተረኞቹ መጥተው ሲያራግፉ አየሁ፣ የሟቹ ማሳ የባለሱቋ ሩዝ ከምባህ ጎተራ ወጥቶ ወደ መንደሩ ጆንያ ገባ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

መሸጡም መመዝገቡም ሳይወሰን ሁሉም ወደየከተማው ተበተነ። ፓክዴ የቤተሰብ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ እናወራለን ብሎ ሄዷል፣ ጓደኛዬ እንደነገረኝ እስካሁን ግሩፑ ላይ የተላከው የኢድ ፎቶ ብቻ ነው።

ትናንት ኔትወርክ እሺ ብሎ አባቴን አገኘሁት። ስለ ሶስት ጊዜ ምርቱ ነገርኩት፣ አላመነኝም። ስለ ወለድ አግዱ ነገርኩት፣ "አባቴ ነበር እንደዛ የሚያደርግ" አለ። የመሬቱን ስፋት ሲጠይቀኝ ከግማሽ ጥማድ ትንሽ የምትበልጥ ናት፣ ለሶስት ለአራት ሊካፈሏት ነው አልኩት። ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል "አይ አለሁ" አለ።

"ታዲያ በሬውን የት ላይ ነው የሚያዞሩት?"