ገጽ ስንት ደረሳችሁ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ! ቤታችሁ ሰው ሞልቶ የምታከብሩም፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ስልካችሁን ስትነካኩ ይቺ ጽሑፍ ፊታችሁ የመጣችም፣ ሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ። በወረርሽኙ ጊዜ በስክሪን ላይ አብራችሁኝ ስታነቡ የከረማችሁ ደግሞ፣ የዛሬው መልእክት ከሁሉ በላይ የእናንተ ነው።

በዓል ሲመጣ ሰው የራቀውን ያስባል። እኔም ሰሞኑን ያንን የንባብ ክበባችንን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። ወረርሽኙ ናፈቀኝ ማለቴ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። ዳግም አያምጣው! ስንቶቻችን የምንወደውን ሰው አጥተናል፤ ቀብር እንኳን በወጉ መቆም ያልቻለ ስንት አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ሐዘኑ የሚቀሰቀስባችሁ ሁሉ፣ መጽናናቱን ይስጣችሁ።

የናፈቀኝ ነገር ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ካለ በኋላ የነበረውን ጊዜ አስታውሱት። ስልክ ሲደወል ወሬው አንድ ነው። ዛሬ ስንት ሰው ተያዘ? ስንት ሞተ? እገሌ ሳል ጀምሮታል የሚባለው እውነት ነው? «እንዴት ነህ?» የምትለዋ ሰላምታ ራሷ የሐኪም ጥያቄ መስላ ነበር። ሰው ክፉ ላለመስማት ስልክ ማንሳት ሁሉ ፈርቶ ነበር እኮ።

ታዲያ በዚያ መሃል አንዷ ትደውልና «ገጽ ስንት ደረስክ?» ትለኛለች። ይቺ ጥያቄ እንዴት እንደምታሳርፍ! አንደኛ፣ መልስ አላት። «መቶ ሃያ።» «ውይ፣ ገና ነህ! ልጁ ደብዳቤውን እስኪከፍተው ጠብቅ። አሁን አልነግርህም።» በቃ፣ ለጥቂት ደቂቃ የምንጨነቀው በዓለም ላይ ስለሌለ ልጅና ስላልተከፈተ ደብዳቤ ነው። የዕለቱን ቁጥር ሳንጠያየቅ ስልኩ ይዘጋል።

ስለ ንባብ ክበብ ሲወራ ዕውቀት ያሰፋል፣ አመለካከት ይለውጣል ምናምን ይባላል። ይሁን፣ አልከራከርም። ያኔ ግን ከክበቡ ያገኘነው ትልቁ ነገር ሌላ ነበር ባይ ነኝ። እርስ በርስ የምንጠያየቀው ነገር አገኘን።

ይኼ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ማርች 18 ቀን 2020 ደራሲዋ ዪዩን ሊ፣ ኤ ፐብሊክ ስፔስ ከሚባለው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ጋር ሆና፣ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ከየቤታችን አብረን እናንብብ ብላ ጀመረች። በቀን ከ12 እስከ 15 ገጽ። ብዙ ሰው ጡረታ ስወጣ አነበዋለሁ ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውን መጽሐፍ፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ አንባቢዎች ሦስት ወር ገደማ ወስደው ጨረሱት። እኔን የገረመኝ የመጽሐፉ ውፍረት ሳይሆን የዕለቱ ልክ ነው። 12 ገጽ ማለት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ወቅት፣ የነገው ገጽ ግን ይታወቃል። ለተጨነቀ ሰው ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም።

መጽሐፉን ማግኘቱ ራሱ አበሳ ነበር፣ ትዝ ይላችኋል? ቤተ መጻሕፍት ዝግ፣ መጽሐፍ መደብር ዝግ። አንዱ የድሮውን እትም ይዟል፣ ሌላው አዲሱን፣ ሌላዋ ስልኳ ላይ ታነባለች። «ገጽ 84 ላይ» ሲባል ሦስቱም የተለያየ ቦታ ያያሉ። በኋላ ስንወያይ ምዕራፉንና የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃል መጥራት ጀመርን፤ ስልክ ላይ መጠያየቁ ግን በገጽ እንደሆነ ቀረ። «ፒዲኤፉን ያለው ሰው ይልቀቅልን» የሚለው ልመናማ የግሩፑ መዝሙር ነበር። በዚህ ጉዳይ የዓለሙም ክርክር ጦፎ ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት ማርች 24 ቀን 2020 ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ በስካን የተነሡ መጻሕፍትን ወረፋ ሳያስጠብቅ ማዋስ ጀመረ። ጁን 1 ላይ 4 ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በዚያው ወር አጋማሽ ካሰበው ቀን ቀደም ብሎ አቆመው። እኔ በበኩሌ የሚችል ሰው ይግዛ ባይ ነኝ። ደራሲውም ቤት ተዘግቶበት ነበር። ያልቻለውን ግን ለምን ፒዲኤፍ አነበብክ ብዬ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ከዚያ ዙም መጣ። በ2019 ዲሴምበር በቀን ቢበዛ 10 ሚሊዮን የስብሰባ ተሳታፊ የነበረው ዙም፣ በ2020 ኤፕሪል 300 ሚሊዮን ደረሰ። በርግጥ አንድ ሰው በቀን ሦስት ስብሰባ ከገባ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል። ከእነዚያ ውስጥ እኛም ነበርንበት፤ ያውም ነፃዋን የምንጠቀም። ነፃዋ ደግሞ ለቡድን 40 ደቂቃ ናት። የሚገርመው፣ ዋናው ክርክር ሁልጊዜ የሚጀመረው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው! አንዱ «እኔ እንደሚመስለኝ ሴትዮዋ የዋሸችው…» ይልና ጭልጥ። ስክሪኑ ባዶ። በዚያው ሊንክ እንደገና እንገባለን። ግማሹ ይመለሳል፣ ግማሹ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ይላል፤ ተናጋሪው ደግሞ ምን ሊል እንደነበር ረስቶታል። ሴትዮዋ ለምን እንደዋሸች እስካሁን አልሰማንም።

ስለ በዓል ካነሣን አይቀር፣ በ2020 ኖቬምበር 26 አሜሪካኖች በሚያከብሩት የምስጋና ቀን፣ ኋላም በዓመቱ መጨረሻ በዓላት፣ ኩባንያው ያቺን የ40 ደቂቃ ገደብ ለጊዜው አንሥቷት ነበር። ቤተሰብ ተራርቆ በሚያከብርበት ቀን ሰላምታ መሃል ላይ እንዳይቆረጥ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ደስ ትላለች።

አሁን ወደ ወሬው ራሱ ልምጣ። በስክሪን ማውራት ለምን እንደዚያ ያደክም ነበር? ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት 10 ቋንቋዎችን አወዳድሮ ነው ይኼን ያገኘው። ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው፤ ዓይን ከመርገብገቡ ብዙም አይበልጥ። ኢንተርኔት ደግሞ ድምፅን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለማድረስ ብቻ ያንን ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው እኩል ይጀምራል። «ይቅርታ፣ ቀጥይ።» «አይ፣ አንተ ቀጥል።» ሁለቱም ዝም። ከዚያ ሁለቱም እንደገና እኩል ይጀምራሉ። ማንም ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው። የስታንፎርዱ ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 የራስን ፊት ሲያዩ መዋልንም ከድካሙ ምክንያቶች መሃል አስቀምጦታል። እኔ ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው እላለሁ፤ የራሳችሁን ምስል ደብቁት።

ለመናገሩ ግን መላ መምታት ነበረብን። ተራ አበጀን። አወያይዋ ስም እየጠራች ለእያንዳንዱ ዕድል ትሰጣለች፤ ያልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል። መጀመሪያ ላይ የክፍል ውስጥ ትምህርት መስሎኝ ደብሮኝ ነበር። በአካል ስንገናኝ እኮ ሁልጊዜ የሚያወሩት እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። (ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እወዳችኋለሁ፤ ግን እውነቱ ይነገር።) በተራው ምክንያት ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ሰዎች መናገር ጀመሩ።

አንዲት አባላችን ደግሞ ማይኳን ከፍታ አታውቅም። ካሜራዋም ዝግ ነው። ሰው ሲያወራ ከጎን ባለው የጽሑፍ ሳጥን ትጽፋለች። አንድ ቀን ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ጥሩነት ተስማምተን ልንዘጋ ስንል እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «መጽሐፉን እስክንጨርስ አንድም ሰው በስሙ አልጠራውም። ልብ ብላችኋል?» ሁላችንም መጽሐፉን ማገላበጥ ያዝን። እውነቷን ነው፤ ሁሉም «አንተ» ነው የሚለው። ያን ቀን 40 ደቂቃው ሲያልቅ አንድም ሰው ሳይቀር ተመልሶ ገባ። ይቺ ሴት በአካል ስብሰባ ላይ ብትመጣ ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣ ማንም ሳያውቃት ትሄድ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከሁሉም ግን ልቤ ውስጥ የቀሩት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የክበቡ ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሌሎቻችን ቤት መዋል አንገሸገሸን እያልን ስናማርር ዝም ብለው ሰሙንና ተራቸው ሲደርስ «ልጆቼ፣ እናንተ ገና አሁን ነው ቤት የዋላችሁት። እኔ እግሬ እምቢ ካለኝ ዓመታት ሆኖኛል። እንዲያውም ሰው ወደ እኔ የመጣው ዘንድሮ ነው» አሉን። ከዚያ ወዲህ ያማረረ የለም።

በርግጥ እንደ ጋሼ ያለው ብዙ ነው። ሕፃን ታቅፋ ካሜራዋን ዘግታ የምትሰማ እናት፣ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ አገር ርቆ በራሱ ቋንቋ ስለ መጽሐፍ የሚያወራው ሰው ያጣ። ለእነዚህ ሰዎች ዙም የአካል ስብሰባ ምትክ አልነበረም። ከነጭራሹ ያልነበራቸው ነገር ነው ያገኙት።

የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታው አብቅቷል ሲል፣ ብዙ ክበብ ቀድሞ ወደ አካል ስብሰባው ተመልሶ ነበር። ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚወራውን ወሬ የሚተካው የለም። ዙም ላይ «ደህና ዋሉ» ካልክ በኋላ ብቻህን ነህ። ችግሩ ሊንኩም አብሮ መዘጋቱ ነው። አንዳንዱ ክበብ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ላድርግ ብሎ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። ይኼ፣ በእኔ እምነት፣ ከመዝጋት ብዙም አይሻልም። ክፍል ውስጥ ያለው ይስቃል፤ በላፕቶፑ ያለው ምን እንዳሳቀ አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ መኖሩም ይረሳል። ይልቅ ተራ በተራ ማድረጉ ይሻላል፤ አንዴ በአካል፣ በሚቀጥለው ሁሉም ሰው ከየቤቱ። ያኔ ሁሉም እኩል ነው። ማይኩን መክፈት የሚረሳው ሁሉም፣ «ይሰማል?» የሚለውም ሁሉም።

እኛም እንደዚያ ልናደርግ ነው። ከበዓሉ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ስብሰባ በኦንላይን ይሆናል። በወረርሽኙ ጊዜ በበዓል ሰሞን ያደረግነውን እንደግማለን፤ ክርክር የለም፣ እያንዳንዱ የወደደውን አንድ ገጽ ይዞ መጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ካሜራ መክፈት ግዴታ አይደለም። መጽሐፉን ያልጨረሰም ይግባ። በቅርብ የምታውቁት፣ ከቤት መውጣት የማይችል ማንበብ የሚወድ ሰው ካለ፣ ለበዓል ስትደውሉለት ንገሩት፤ ሊንኩን በቴሌግራም ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። አዎ፣ አሁንም ነፃዋን ነው የምንጠቀመው፤ 40 ደቂቃ ላይ ስትቆረጥ በዚያው ሊንክ ተመለሱ።

መልካም በዓል ለሁላችሁም!