የጣና ጠባቂዋ አርመር፦ ከልጆች ምንጣፍ ተነስቼ ቀለም እስክጨርስ

ሰላም ቤተሰብ፣ ከጎማ ሰርቼ አርመር (የብረት የጦር ልብስ የሚመስል) ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ያየ ሁሉ "ከምንድነው የሰራሽው፣ እንዴት አድርገሽ ነው ብረት ያስመሰልሽው" እያለ ስለጠየቀኝ ከጥቅምት እስከ ጥር የሰራሁትን በሙሉ፣ የተበላሸብኝንም ጨምሬ ልፃፈው ብያለሁ። ረጅም ነው ግን እሰራለሁ ብሎ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል።

መጀመሪያ አርመሩን ስለምትለብሰው፣ በሀሳቤ ስለፈጠርኳት ገፀባህሪ ልንገራችሁ ምክንያቱም ቅርፁም ቀለሙም የመጣው ከሷ ነው። ከዛሬ ብዙ መቶ አመት በኋላ ጣና ላይ የምትሰራ ጠባቂ ናት፣ ስራዋ እምቦጭ ማጥፋት ነው። ተማሪ እያለሁ ለዘመቻ ፎገራ በኩል ሄደን እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ስንነቅል ውለን ነበር። እምቦጭ ሀይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ታየ የተባለው፣ ሲመቸው ደሞ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ የሚሆን አረም ስለሆነ ዛሬ ያፀዳኸው ቦታ ተመልሰህ ስትመጣ ተሸፍኖ ታገኘዋለህ። ያን ቀን ከጎኔ ሲነቅሉ የነበሩት አርሶ አደር ባዶ እግራቸውን ነበሩ፣ ቦቲ እንኳን የላቸውም፣ እኛ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ እሳቸው እዛው ቀሩ። ለዚህ ስራ የሚሆን ልብስ ቢኖርስ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሀሳቡ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ስለዚህ የኔ አርመር (አባቶቻችን ጥሩር የሚሉት መሆኑ ነው) የጦር ሜዳ ሳይሆን የውሃ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሆዱ ላይ እንደ ታንኳ ደንገል (ታንኳ የሚሰራበት የሀይቅ ዳር ረጅም ተክል) ጎን ለጎን የተደረደረ ጥቅልል፣ ክንዱ ላይ የእምቦጭ አበባ የመሰለ ሐምራዊ መስመር።

ጎማውን ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጥርስ ጥርስ ኖሮት እርስ በርሱ የሚገጣጠም ምንጣፍ አለ አይደል፣ 1 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ እሱ ነው። ስትገዙ በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፣ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ጥፍሩ ምልክት ትቶ ከቀረ ግን ቶሎ ስለሚላላ ተዉት። ለእጅና ለጌጥ ጫማ ሰሪዎች የሚገዙትን ቀጭን የሶል ጎማ ወሰድኩ። ቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጩን ፎም እንዳትሞክሩት፣ ማስቲሽ ሲነካው ይሟሟል፣ ስፕሬይ ቀለምም እንደዛው ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ልኬት። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፓተርን (ቁራጮቹ የሚቆረጡበት የወረቀት ልክ) ማተሚያ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩና እንዳለ ቆረጥኩት፣ ሁለት ምንጣፍ ሙሉ በሙሉ ጨረስኩበት፣ ለብሼው ስቆም ደረቱ ከኔ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ቆመ፣ ትከሻው ደሞ ጆሮዬ ስር ገባ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስፌቷን አቁማ አየችኝና "ልጄ፣ ይሄ ወረቀት የማንን ደረት ለክቶ ነው?" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፣ ተነስታ ሜትሯን አመጣች።

ከዛ ያደረግነው እንደዚህ ነው፦ አሮጌ ቲሸርት ለበስኩ፣ ከላይ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ጠቀለለችኝ፣ በላዩ ላይ ሰፊውን ፕላስተር ሁለት ዙር ለጠፈች፣ ትንፋሽ እንዳያጥረኝ ሳብ ሳትል፣ ከዛ በማርከር የአርመሩን መስመር እዛው ሰውነቴ ላይ ሳልን። ቆርጣ ከማውለቋ በፊት እያንዳንዱ ስፌት የሚመጣበት መስመር ላይ በየአራት ጣቱ ትንንሽ አግድም ጭረት አደረገች። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ ሲገጣጠም ነው የገባኝ፣ ጭረት ከጭረት ከተገናኘ ቁራጩ ወደየትም አይዞርም። ፕላስተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ደረት አካባቢ አልተኛ ይላል፣ ተነስቶ ይቀራል፣ እዛ ጋር ፔንስ ማውጣት ነው። ቀሚስ ላይ ጨርቁን አጥፎ የሚሰፋውን ፔንስ እኛ ጎማው ላይ እንደ ሶስት ማዕዘን ቆርጠን አወጣነውና ሁለቱን ጠርዝ ስናጣብቅ ጎማው በራሱ ጎበጥ አለ፣ ምንም ሳይሞቅ። ከዚህ ሁሉ ስራ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን ነው የምሰጣችሁ፣ ፓተርኑን ከገዛ ሰውነታችሁ አውጡት፣ አካባቢያችሁ ልብስ ሰፊ ካለ ደሞ ሂዱና ፔንስ አሳዩኝ በሉ።

ስትቆርጡ ከተሩ በጣም ስለት ይኑረው፣ ጎማ ስለት ይገድላል፣ እኔ በየአስር ደቂቃው ምላጩን እሰብር ነበር፣ ቀጥ አድርጎ ይዞ በአንድ ረጅም ጉዞ መቁረጥ እንጂ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ካላችሁት ጠርዙ ይተለተላል። ማስቲሽ ሁለቱም ጠርዝ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዛ አስር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ በጣት ሲነካ እጅ ላይ የማይመጣ ሲሆን መግጠም። አንዴ ከተነካካ አይለቅም ስለዚህ ከመሀል ጀምሩና ወደ ዳር ሂዱ። ሽታው ከባድ ነው፣ ውስጡ ያለው ነገር ጭንቅላትና ሳንባ ይጎዳል፣ ግቢ ውስጥ ወይ በረንዳ ላይ እንጂ በር ዘግታችሁ እንዳትሰሩ እለምናችኋለሁ።

ለማጉበጥ ሂት ገን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሳሪያ) የለኝም፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል፣ በከሰል ነው የሰራሁት። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቄ ጎማውን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ እያገላበጥኩ አሞቅኩት፣ ፊቱ ትንሽ ብልጭ ማለት ሲጀምር ጉልበቴ ላይ አጎብጬ (ወፍራም ጨርቅ አድርጋችሁ) እስኪቀዘቅዝ መያዝ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንደያዛችሁት ይቀራል። ብልጭታውን አልፋችሁ ካሞቃችሁት ይኮማተራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ጭሱም አይሸተትም። ሙቀቱ ሌላም ጥቅም አለው፣ የጎማውን ትንንሽ ቀዳዳ ስለሚዘጋው ቀለም አይመጥም። ደሞ በጣም የወደድኩት ነገር፣ በከተር ግማሽ ውፍረቱን ብቻ ጭረት አድርጋችሁ ብታሞቁት ጭረቱ ይከፈታል፣ ልክ ሁለት ላሜራ የተጋጠመበት መስመር ይመስላል። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ደረቱን በሙሉ እንደዛ ስሰራ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላውቅም።

ሆዱ ግን አስቸገረኝ። አንድ ወጥ ጎማ ካደረግኩት መቀመጥ አልችልም፣ ከተቆራረጠ ደሞ ሲራመዱ ይከፈታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሀይቁ ዳር ታንኳ የሚሰሩ አባት ጋር ሄጄ ቁጭ አልኩ፣ ደንገሉን እያሰሩ ነበር፣ "አባባ፣ እንዲህ ታስሮ እንዴት ነው የማይጠማዘዝ?" ስላቸው ቀና ሳይሉ "አንዱን ብቻ አታጥብቂ፣ ጎረቤቱ ከላላ እሱ ይስበዋል፣ እኩል ነው" አሉኝ። ቤት ሄጄ ቀጭኑን ጎማ ጠቅልዬ ሰባት ጥቅልል ሰራሁ፣ በሲባጎ ጎን ለጎን አሰርኳቸው፣ በየስንዝሩ አንድ ቋጠሮ፣ ግራና ቀኙን እኩል እየሳብኩ። አሁን ስቀመጥ ይታጠፋል ስቆም ይመለሳል፣ ከሩቅም ጣና ላይ ያደገ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቀዋል።

ትከሻው ባጃጅ ውስጥ አልገባ ስላለ ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ዘለበት ፈትቼ እንዲወልቅ አደረግኩት። ይሄን ከመጀመሪያው አስቡበት፣ ስትለብሱ ብቻ ሳይሆን ስትጓዙም።

ቀለም ላይ ሶስት ሳምንት ፈጀሁ፣ ሁለቱ ከጥፋት የተማርኩበት ነው። መጀመሪያ ኮላ በውሃ እኩል በኩል አቅጥኜ አምስት ዙር ቀባሁ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ፣ ጎማው ፊቱ ልስልስ አለ፣ በጣም ደስ አለኝና የግራውን ትከሻ በረንዳ ላይ ትቼው አደርኩ። ህዳር ስለነበረ ዝናብ የለም ብዬ ነው፣ ግን ጤዛ አለ፣ ጠዋት ላይ ነጭ ሆኖ እንደ ማር እጅ ላይ ተጣበቀ። ኮላ ደርቆም ውሃ ካገኘ ይለሰልሳል፣ ላብም እንደዛው ነው፣ ስለዚህ ከኮላው በላይ የግድ ሌላ ሽፋን ያስፈልገዋል፣ በውስጥ በኩልና በጠርዙም ጭምር።

የመኪና ቀለም የተሻለ ይሆናል ብዬ አንድ ጋራዥ ቁራጭ ይዤ ሄድኩ፣ ቀለም የሚቀባው ልጅ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ ነፋልኝ፣ እንደ መስታወት ሆነ። ከዛ ሲደርቅ ራሱ ተቀብሎኝ እጥፍ አደረገውና ተሰነጣጥቆ ሲረግፍ አሳየኝ። "እህቴ፣ ይሄ ላሜራ ነው የሚፈልገው፣ ላሜራ አይታጠፍም" አለኝ፣ ሂሳብም አልተቀበለኝ። የሚለጠጥ ነገር ላይ የሚለጠጥ ቀለም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የያዘልኝ የቤት ግድግዳ የሚቀባው ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም ነው፣ ሶስት ስስ ዙር፣ በእያንዳንዱ መሀል በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሻሸት። ደሞ ማታ አምፖል ስር አትቀቡ፣ ሀይቅ አጠገብ ለሚኖር ሰው መቼም ማስረዳት አያስፈልግም፣ ትንኙ በሙሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ይሰፍራል፣ ጠዋት ፀሀይዋ ሳትበረታ ነው ጥሩው ሰዓት።

ብረት የሚያስመስለው ብርማው ቀለም አይደለም፣ ከስር ያለው ጥቁር ነው። ብሩሹን ብርማው ቀለም ውስጥ ነክራችሁ ጨርቅ ላይ ጥረጉት፣ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ፣ ከዛ በጠርዝና በጉብታ ላይ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ አስነኩት፣ ጎድጎዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጠርዙ ላይ የእርሳስ ዱቄት በጣቴ አሸሁበት፣ እውነተኛ የተፋቀ ብረት ነው የሚመስለው፣ እጅ ላይ እንዳይለቅ ግን ከላይ ማት ቨርኒሽ (የማያብለጨልጭ መሸፈኛ) ያስፈልገዋል።

ዝገቱን ለመሳል ወደብ ሄድኩ። እዛ ዳር የቆሙ አሮጌ የብረት ጀልባዎች አሉ፣ ማስታወሻ ይዤ ከሰዓቱን ሙሉ ሳያቸው ዋልኩ፣ ዝገት ዝም ብሎ በየትኛውም ቦታ አይጀምርም፣ ከብሎን ዙሪያና ከብየዳው መስመር ነው የሚነሳው፣ ከዛ ውሃው የሄደበትን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከላይ ወፍራም ወደታች እየቀጠነ። ደሞ ውሃው የሚደርስበት ቦታ ላይ አንድ አግድም የደለል መስመር አለ፣ በክረምት ጣና ቡናማ ሆኖ የሚተወው። የኔ ጠባቂ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ስለምትቆም ያን መስመር ወገቧ ላይ አደረግኩት፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ቡናማ ጥላ አለው፣ ለጥላው ቡናማ የጫማ ቀለም በጨርቅ እያሸሁ ነው የተጠቀምኩት። ይሄን መስመር ከጨመርኩ በኋላ ነው አርመሩ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የሆነ ቦታ የኖረ ነገር የመሰለኝ።

የራስ ቁሩን መስታወት ከእናቴ የጉልበት ራጅ ነው የሰራሁት። እሷ ናት ያመጣችልኝ፣ አሮጌ ነው አያስፈልገኝም ብላ። የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ሲቀመጥ ጥቁሩ ሽፋን ይለቃል፣ ሰማያዊ ቢጤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀራል፣ ጓንት አድርጉ፣ ደጅ ላይ ስሩት፣ በረኪናውን ከሌላ ማፅጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ። የክንዱ መብራት ሁለት ኤልኢዲ (ትንንሽ አምፖል) ነው፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዱ 3 ቮልት አካባቢ ስለሚወስድ ሁለቱን በተከታታይ አድርጌ 150 ኦም ረዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ትንሽ እቃ) ገባበት፣ 20 ሚሊአምፔር ያህል ነው የሚያልፈው፣ ረዚስተሩን ከሞባይል ጠጋኝ ነው ያገኘሁት።

ጥር ላይ በጠዋት ሀይቁ ዳር ለብሼው ወጣሁ፣ እናቴ ዘለበቶቹን አሰረችልኝ፣ የአክስቴ ልጅ ፎቶ አነሳ። ታንኳ የሚሰሩት አባት እዛው ነበሩ፣ ስራቸውን አስቀምጠው መጡና መጀመሪያ ምንም አላሉም፣ ሆዴ ላይ ያሉትን ጥቅልሎች አንድ በአንድ በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ወረዱ፣ ሶስተኛው ላይ ቆሙ። "ይቺ ግራዋ ላልታለች" አሉኝ። እውነትም ላልታ ነበር። የራስ ቁሩ ሲተነፈስበት ጉም እየያዘ ስላስቸገረኝ ከላይ ቀዳዳ ላወጣለት ነው፣ ከዛ በፊት ግን ዛሬ ማታ ሲባጎውን ፈትቼ ሶስተኛዋን ጥቅልል እንደገና አስራታለሁ።