እንቁላል ሞልቶት የሳሳው ቀፎ

በጥቅምት መጨረሻ፣ አደይ አበባ በረገፈበት ሰሞን፣ ከሰበታ ወጣ ብሎ በመናገሻ ደን ግርጌ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ንብ አናቢ ደወሉልን። «ልጄ፣ ቀፎው እንቁላል ሞልቶታል፤ ንቡ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ነው» አሉኝ። በመስከረም መባቻ መንጋ ወጥቶባቸዋል።

አብራኝ የሄደችው አዲስ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ፍሬም (ሰፈፉን የያዘውን ክፈፍ) አንሥታ «እንቁላሉ ትኩስ ነው፤ ንግሥቷ አለች» አለችና ልትከድነው ነበር። ወደ ፀሐይ አዙሪና እይው አልኳት። በአንዱ ጉድጓድ ሦስት፣ በሌላው አምስት እንቁላል ተጥሏል፤ አንዳንዱም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ንግሥት ሆዷ ረጅም ስለሆነ ከወለሉ መሐል አንዲት ብቻ ታቆማለች፤ የሠራተኛ ንብ ሆድ እዚያ አይደርስም። መንጋው ከወጣ ወዲህ ቀፎው ንግሥት የለውም፤ እንቁላሉን የሚጥሉት ሠራተኞቹ ናቸው። የታሸጉት ጉድጓዶች ክዳንም እንደ ጥይት አናት አብጧል፤ በጠባቡ የሠራተኛ ቤት ውስጥ ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ፣ እያደገ ነው።

«ወንድ ሳያገኙ እንዴት ይወልዳሉ?» አለች። ፖላንዳዊው ቄስ ያን ጂየርዦን ድንጉላ ካልዳበረ እንቁላል እንደሚገኝ ያስታወቀው በ1845 እ.ኤ.አ. ነው። እንቁላል ሲሠራ 32ቱ ክሮሞዞም በክፍፍል 16 ይሆናል፤ የወንድ ዘር ሲጨመርበት ሴት ይወጣል፣ ካልተጨመረ በ16ቱ ብቻ ድንጉላ ይሆናል። የንግሥቲቱና የእጮቹ (ከእንቁላል የተፈለፈሉት ትሎች) ጠረን ከቀፎው ሲጠፋ የሠራተኞች እንቁላል ማመንጫ ይነቃል፤ ወንድ አያውቁምና የሚወልዱት ድንጉላ ነው። ድንጉላ ደግሞ አይቀስም፣ ይበላል እንጂ። በደቡብ አፍሪካው የኬፕ ንብ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው፤ ክፍፍሉ ካስገኛቸው አራት ኒውክሊየሶች (የሴል አስኳሎች) ሁለቱ መልሰው ይዋሐዱና ሠራተኛዋ ያለ ወንድ ሴት ትወልዳለች። ያ ንብ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ተወስዶ ስንቱን የሌላ ንብ ቀፎ እንደፈጀ አናቢዎቹ አይረሱትም።

«አውራ ገዝቼ ላስገባ?» አሉ አዛውንቱ፤ ንግሥት ማለታቸው ነው። እንቁላል መጣል የለመዱ ሠራተኞች እንግዳ ንግሥት ብዙውን ጊዜ ይገድላሉ። ከብርቱ ቀፎ ጋር ይቀላቀል አልኳቸው፤ «ቀፎ አልዘጋም» ብለው እምቢ አሉ። የቀረው መንገድ በየሳምንቱ ከብርቱው ቀፎ እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበት ፍሬም ማምጣት ነበር፤ የእጮቹ ጠረን የሠራተኞቹን እንቁላል መጣል ያበርደዋል። የብርቱው ቀፎ ንግሥት አብራ እንዳትሄድ ባልደረባዬ ንቦቹን ከፍሬሙ ላይ አራግፋ ነበር የምታሻግረው።

ከሳምንታት በኋላ ንቦቹ አዲስ ንግሥት የሚያሳድጉበትን የንግሥት ቤት መሥራት ጀመሩ፤ አዛውንቱም ደስ አላቸው። እኔ ግን አሁንም ቢቀላቀል ይሻል ነበር እላለሁ፤ ያ ሁሉ እጭ የተወሰደበት ብርቱ ቀፎ በዚያ ዓመት ማሩ ቀነሰ።